የጊቤ ቋንቋ ተማሪዎች

ጅማ የተመደብን ሰሞን ሁላችንም በአንድ ነገር ተስማምተን ነበር፦ ኦሮምኛ ሳንለምድ አንመለስም። ይኸው ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ ያለን ሀብት «አካም» እና «ገለቶማ» ብቻ። ኅዳር ላይ አጋሮ ወርደን አንድ አዛውንት ስለ ቡናቸው ያጫውቱን ጀመር፤ የልጅ ልጃቸውም ያስተረጉምልናል። ሽማግሌው ብዙ፣ በጣም ብዙ ተናገሩ። ልጁ «ቡናው ጥሩ ነው ይላሉ» አለን። አፈርን።

ከኛ በፊት በዚህ አገር እንግዳ ሆነው ቋንቋውን የተማሩ ሰዎች እንዴት አድርገው ይሆን? ብለን መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ሊሙ-ኤናሪያ ሲደርስ የተቀበለው ንጉሡ አባ ባጊቦ ነበር። መቼም «አባ» ሲባል ለኛ የሚታየን ቄስ ነው። በጊቤ ግን ባለቤት፣ ጌታ ማለት ነው፤ ንጉሡም በፈረሱ ስም ይጠራል። የአባ ባጊቦ የገዛ ስሙ ኢብሳ ነው፤ የጅማው የዳግማዊ አባ ጅፋር ደግሞ ቱሉ። ይህን ያላወቀ እንግዳ ገና ደጅ ላይ ይሳሳታል።

ኢጣሊያዊው ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ፣ አቡነ መስያስ የተባሉት፣ በ1852 ጉድሩ ገቡ። ፈንጣጣ ይከትቡ ስለ ነበር ሕዝቡ «የፈንጣጣ ጌታ» አላቸው። ልጁን ለማስከተብ የመጣ ሁሉ ያናግራቸዋል፤ ለቋንቋ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል? በ1867 የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ፓሪስ ላይ አሳተሙ፤ ያውም በላቲን! ለሚሲዮናውያን ነዋ፤ ላስተማሯቸው ሰዎችማ አይደለም።

የአንቶኒዮ ቼኪ ነገር ይለያል። እሱንና ጓደኛውን ኪያሪኒን የጌራ ንግሥት ያዘቻቸው። ኪያሪኒ በ1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በ1880 ተለቀቀ። የጉዞ መጽሐፉ ሦስተኛ ቅጽ ስለነዚህ አገሮች ቋንቋዎች ነው። እስረኛ ውሃ ለመጠየቅም ቃል ያስፈልገዋል። እኛ ሻይ ቤት ገብተን በአማርኛ አዝዘን እንወጣለን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችን የቀረው ግን አስቴር ጋኖ ዘንድ ነው። ዳባዲን በእንግድነት የተቀበለ ያ የሊሙ-ኤናሪያ መንግሥት እሷን በኋላ ባሪያ አደረጋት። በ1886 ዐረብ አገር ልትሸጥ ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባዋን ያዙና ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ከሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የሚመልስበት ዘመን ነው። እሱ በሕፃንነቱ ተፈንግሎ የወጣ ስለ ሆነ የእናቱ ቋንቋ ጎድሎበታል። እንግዳ የሆነው ለገዛ ቋንቋው ነው! የጎደለውን የሞላችለት አስቴር ናት፤ ቃላቱን ሰበሰበች፣ የምታስታውሰውን ተረትና ዘፈንም በመቶ የሚቆጠር ጻፈች። የንባብ መጽሐፋቸው በ1894፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ። ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሱ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠራው ኦኔሲሞስን ነው። እኛም የአስቴርን ስም ከጅማ ሳንርቅ ሦስት ዓመት ሳንሰማ ኖረናል።

ታኅሣሥ ላይ አጋሮ ተመለስን። ዛሬስ ልጁን አናስቸግርም ብለን ወደ ጨዋታው ሰደድነው። ሽማግሌው ስኒውን አቀረቡና «ቡና ዹጋ» አሉን፤ ጠጡ ማለታቸው ነው። «ዱጋ» አልን። ሳቁ። ያቺ ወደ ውስጥ የምትሳብ «ዸ» በአማርኛ የለችም፤ ምላሳችን አልደረሰባትም። ጉሮሯቸውን በጣታቸው እያሳዩ እንደገና አስባሉን፤ ቡናው እስኪበርድ።