ርዕስ የሌለው መልዕክት

የሞያሌ ነጋዴ ገበያው ዛሬ ግማሹ ስልኩ ውስጥ ነው። የሽልንግ ምንዛሪ፣ የጭነት መኪና፣ የጉምሩክ ወረቀት፣ የሠርግና የለቅሶ ጥሪ ሁሉም በአንድ ግሩፕ ይጎርፋል። ጠዋት የተነገረን ዋጋ ማታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ያላገኘው ሰው በትናንት ዋጋ ይሸጥና ይከስራል። ችግሩ ግን አዲስ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1979 ቶም ትራስኮትና ጂም ኤሊስ የተባሉ የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኮምፒውተሮች በስልክ መስመር መልዕክት የሚለዋወጡበትን ዩዝኔትን አሰቡ። መወያያው በየጉዳዩ ተከፈለ፤ ኋላም ኢትዮጵያውያን፣ ኬንያውያንና ሶማሌዎች በየስማቸው መወያያ ነበራቸው። መልዕክቱ ሲበዛ ማንበቢያ ፕሮግራም አስፈለገ። ላሪ ዎል በ1984 ባወጣው "አርኤን" በተባለው ፕሮግራም አንባቢው አንድ ቁልፍ ነክቶ ተመሳሳይ ርዕስ ያለውን ቀጣይ መልዕክት ያገኛል፤ በሌላ ቁልፍ ደግሞ የማይፈልገውን ርዕስ በሙሉ ይዘላል።

ነገር ግን ፕሮግራም ፊደል ያመሳስላል እንጂ ሐሳብ አይረዳም። አንድ ሰው ርዕሱን ትንሽ ከለወጠው መልዕክቱ ከወገኖቹ ይለያል። ስለዚህ በ1987 የወጣው የዩዝኔት ደንብ እያንዳንዱ መልዕክት የራሱ መለያ እንዲኖረው፣ መልስም የመለሰለትን መልዕክት መለያ እንዲይዝ አዘዘ። የዌይን ዴቪሰን "ቲአርኤን" ይህን ተጠቅሞ ጥያቄና መልሱን እንደ ዛፍና ቅርንጫፍ አያያዘ። ወሬው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲዞርም ጸሐፊዎች አዲስ ርዕስ ሰጥተው የድሮውን በቅንፍ ያስቀምጡ ነበር።

ለእኛ ሰው ችግሩ እጥፍ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ስለነበር አንዱን ቃል ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ "ሴራ" የተባለውን ወጥ የአጻጻፍ ሥርዓት ያዘጋጁት ይህን ለማስተካከል ነው።

ዛሬ ፊደሉ በእጃችን ነው። ሆኖም አንዱ "ዕቃ" ሌላው "እቃ" ብሎ ሲጽፍ ስልኩ ብዙ ጊዜ እንደ ሁለት ቃል ይቆጥረዋል። ቴሌግራም በ2022 ግሩፕን በርዕስ መክፈል ፈቅዷል፤ ርዕሱን የሚያወጣው ግን አሁንም ሰው ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንያዝ። ዋጋ ስንጽፍ የዕቃውን ስም፣ ቀኑንና የየትኛው ሞያሌ ገበያ እንደሆነ እናስቀድም። ለጥያቄ ስንመልስ ጥያቄውን ራሱን ይዘን እንመልስ። የዕቃ ስም አጻጻፍም አንድ ዓይነት ይሁን። ነገ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል፤ የሚፈልገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ነን።