ከሆስፒታል ርቆ ማከምን የሚያስተምሩ ነባር የጤና ባለሙያዎች

ገደብ በጌዴኦ ዞን ከዲላ በስተደቡብ የምትገኝ ወረዳ ስትሆን ቡናና እንሰት በአንድነት በሚለሙበት ደጋማ መሬቷና ጥቅጥቅ ባለ የሕዝብ አሰፋፈሯ ትታወቃለች። መኖሪያ ቤቶቹ በየዳገቱ ከእንሰቱና ከጥላ ዛፉ መካከል የተሠሩ በመሆናቸው ከብዙዎቹ ቤቶች መኪና ወደሚገባበት መንገድ የሚደረሰው በእግር ነው። መንገዱ በዝናብ ሲበላሽ ሕመምተኛ የሚወጣው በቃሬዛ፣ በጎረቤት ትከሻ ነው። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚመደብ የጤና ባለሙያ ደም ባንክም ሆነ የቀዶ ሕክምና ክፍል በአቅራቢያው ሳይኖር መወሰን ይጠበቅበታል።

በውጭው ዓለም ወደ ተራራ፣ ወደ በረሃና ወደ ዋልታ ከሚጓዙ ቡድኖች ጋር ለሚሄዱ ሐኪሞች የተለየ ሥልጠና ይሰጣል። አሠልጣኞቹም ራሳቸው በዚያ የሠሩ ነባር ባለሙያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ግን ከሆስፒታል ርቆ ማከም የአብዛኛው ሕዝብ የዘወትር አገልግሎት በመሆኑ፣ ትምህርቱ የተጀመረው የመንግሥትን ጤና አገልግሎት ለማስፋፋት ታስቦ ነው።

ጅማሬው ጎንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅንና ማሠልጠኛ ማዕከልን አቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት አሠልጥኖ እንደ ቡድን ያሰማራ ነበር። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው አስቀድሞ በገጠር ጤና ጣቢያ ከአስተማሪዎቻቸው ጋር እየኖሩ ይሠሩ ነበር። ቁም ነገሩም ይኸው አብሮ መኖር ነው ማለት ይቻላል።

የዲላው ትምህርት ቤት የዚሁ ሥርዓት ወራሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም በኋላ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሥር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን የቻለ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ኮሌጁ ሥራ በጀመረበት ወቅት ግን ለጤና ጣቢያ ሥራ የተዘጋጀ መጽሐፍ እምብዛም አልነበረም። ከውጭ የሚመጡት መጻሕፍት የሚናገሩት በዲላም በገደብም ስለማይገኝ ምርመራ ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም በካርተር ማዕከል ድጋፍ የየኮሌጆቹን መምህራን አሰባስቦ የማስተማሪያ ጽሑፎችን አዘጋጅቷል። የፕሮግራሙ አማካሪ የነበሩት ዶክተር ዴኒስ ካርልሰን ቀደም ሲል የጎንደሩ ኮሌጅ ዲን የነበሩ መሆናቸው ሁለቱን ዘመኖች ያገናኛል። ጽሑፎቹ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ሳንባ ምች ለመላው ቡድን የጋራ ትምህርት ከሰጡ በኋላ ለጤና መኮንኑ፣ ለነርሱ፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያውና ለላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ የየድርሻቸውን ይለያሉ።

ነባሩ አስተማሪ ከመጽሐፉ በላይ የሚያስተላልፈው የጊዜ ስሌትን ነው። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት የሚያክም የሆስፒታል ባለሙያ ደም ባንክና የቀዶ ሕክምና ክፍል በአቅራቢያው አለው፤ በገደብ ቀበሌ ያለው ግን ቃሬዛው፣ ከዚያም አምቡላንሱ የሚወስደውን ሰዓት አስቀድሞ መቁጠር አለበት። ማሕፀኗን የሚያኮማትር መድኃኒት ሰጥቶ መላክ ያለበት ደሙ ገና ሲጀምር ነው። ቶሎ መላክ አለማወቅ ማለት አይደለም። ይህን በክፍል ውስጥ መናገር ቀላል ሲሆን ጀማሪው የሚያምነው ግን ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲወስን ካየ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጉዳዩን ይበልጥ አስፍቶታል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ሴቶች አንድ ዓመት ያህል ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በ16 ፓኬጆች ተሰማሩ፤ ቁጥራቸውም ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። በመጀመሪያ ሥራቸው በአብዛኛው መከላከል ነበር። በኋላ የሕፃናትን ሳንባ ምች በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ሲፈቀድ ትንፋሽ መቁጠር ዋናው ሙያቸው ሆነ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። የሚያለቅስ ሕፃን ግን በትክክል አይቆጠርም። እናቱ እስክታባብለው መታገሥን ቅጽ አያስተምርም።

ሥልጠናው ምን ያህል እንደሚያዘልቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ታይቷል። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ገደብ ብዙዎችን ተቀብላለች። ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በመንግሥት ሕንፃዎች ተጠልለው ነበር። በ2019 መጀመሪያ በጎቲቲ የሕፃናት የምግብ እጥረት ሲበረታ እንደ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ያሉ ድርጅቶች ቡድኖች መጥተው ረድተዋል። እንግዳው ቡድን ሥራውን ሲጨርስ ይመለሳል፤ የክንድ ዙሪያ ለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ልጅ የሚለየው፣ ቤቱንም የሚያውቀው የቀበሌው ባለሙያ ግን እዚያው ይቀራል።

በአሠራሩ መሠረት ጤና ጣቢያ በሥሩ ያሉትን አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ይደግፋል። ይህ ድጋፍ መዝገብ አይቶ ፈርሞ መመለስ ከሆነ ቁጥጥር ይባል እንጂ ማስተማር አይባልም። ነባሩ ባለሙያ ከጀማሪዋ ጋር አንድ ሕሙም ልጅ መርምሮ፣ አንድ ቤት ገብቶ መመለስ ይኖርበታል። ለዚህም የወረዳው ዕቅድ ነዳጅን፣ ውሎ አበልንና ከሁሉ በላይ የባለሙያውን አንድ ሙሉ ቀን መያዝ አለበት።