የራምቦ ጠመንጃና የራምቦ ሱቅ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራ ቤት አለ። ጎብኚው ወደዚያ የሚጎርፈው ገጣሚውን ብሎ ነው። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የማወራው ስለ ገጣሚው ነበር። የሐረር ሰው ግን ገጣሚ አላየም። ሰውዬው ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወው ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በ26 ዓመቱ፣ ኤደን ላይ ቡና ይነግድ ለነበረው ለባርዴ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። ሐረር ያየችው ቡናና ቆዳ ሲያስመዝን የሚውል ነጋዴ ነበር።

አዲስ ሥራ የጀመረ ወጣት ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይኼ ነጋዴ ነው። ራምቦ ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ለማንም አይጠቅምም ነበር። ሰነፍ መካሪ አያጣም። ራምቦ ግን ታታሪ ነበር። ልቡን የከፋፈሉበት ነገሮች በሙሉ ሥራ የሚመስሉ ነበሩ፤ ክፋታቸውም እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ማለቂያ የሌለው ዝግጅት ነው። ገና ኤደን ሳለ፣ በኅዳር 1880፣ ቤተሰቦቹ መጻሕፍት ገዝተው እንዲልኩለት ረጅም ዝርዝር ጻፈ። የጋሪ ሥራ፣ የቆዳ ፋቂነት፣ የቁልፍ ሥራ፣ የማዕድን ቁፋሮ፣ የመስታወት፣ የጡብ፣ የሸክላ፣ የብረት ማቅለጥ፣ የሻማ አሠራር... ምን ቀረ? ሰውየው የተቀጠረው እኮ ለቡና ነው! መማር መቼም አይጠላም። ነገር ግን መጽሐፍ ማዘዝ ጡብ የመሥራትን ያህል ደስ ይላል፤ ጭቃ ግን አያስነካም። ዛሬም ከሥልጠና ወደ ሥልጠና፣ ከሰርተፍኬት ወደ ሰርተፍኬት ሲሉ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዓመት የሚያልፋቸው ልጆች አሉ።

ሁለተኛው ስም ነው። ራምቦ ከፈረንሳይ በብዙ ገንዘብ የፎቶግራፍ ማንሻ አስመጣ፤ በ1883 ሐረር ላይ ራሱንም ከተማውንም አነሳበት። ሥዕልና ካርታ ያለው መጽሐፍ ጽፎ ለጂኦግራፊ ማኅበር ሊያቀርብ አስቦ ነበር። መጽሐፉ ቀረ። ስለ ኦጋዴን የተጻፈው ዘገባ ግን በ1884 ፓሪስ ላይ ታተመለት። ለእኛ ለአንባቢዎቹ እነዚህ ፎቶዎች ትልቅ ቅርስ ናቸው፤ ለነጋዴው ግን የንግድ ሥራ አልሆኑም። በ1885 ማንሻውን ሸጠው።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰው ነው፤ «አንዴ ብቻ ብመታ» የሚባለው። በዚያው በ1885 ራምቦ ከባርዴ ድርጅት ወጣና ላባቱ ከሚባል፣ ሸዋን ከሚያውቅ ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ተዋዋለ። ሒሳቡ ሲያዩት ልብ ያማልላል። አውሮፓ ውስጥ ጊዜ ያለፈበት አሮጌ ጠመንጃ በሰባት ወይም በስምንት ፍራንክ ይገዛል፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ አርባ ፍራንክ ያወጣል። ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ መሄድ ነው፣ አለቀ። ቡና በፈረሱላ እየመዘኑ ማርጀት ለምኔ!

ወረቀት ላይ ያልሰፈረው ግን ብዙ ነበር። ግመል በወቅቱ አልተገኘም። በ1886 የጦር መሣሪያ ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ክልከላ መጣ፤ ፈቃድ እስኪገኝ ታጁራ ላይ ተቀመጠ። ላባቱ ታሞ ፈረንሳይ ገባና ሞተ። አብሮት ሊጓዝ የነበረው ሶሌዬም ሞተ። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ቅፍለቱ ተነሣ፤ አንኮበር የገባው በየካቲት 1887 ነው።

ምኒልክ ደግሞ በዚያው ሰሞን በጨለንቆ ድል አድርገው፣ ሐረርን ይዘው፣ የማረኩትን መድፍ አስጎትተው ወደ እንጦጦ ተመለሱ። የራምቦ ጠመንጃ የሚያስቸኩላቸው ነገር አልነበረም። ገዢው አንድ፣ ሻጩ መመለሻ የሌለው! ንጉሡ ዋጋውን አወረዱ፣ የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፣ ቀሪውንም ሐረር ላይ መኮንን (የኋላው ራስ) እንዲከፍሉ አዘዙ። የላባቱ ባለገንዘቦችም በየተራ መጡ። ራምቦ በራሱ ስሌት ከካፒታሉ 60 በመቶ ከሰርኩ አለ። አበዳሪ ሲያሳድደው የከረመ ሰው ኪሳራውን ማጋነኑ አይቀርም። የባከነው 21 ወር ግን አልተጋነነም። ካይሮ ሲደርስ ወገቡ ላይ የታጠቀው ወርቅ ከ16,000 ፍራንክ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በንጉሡ አልፈርድም። ጎበዝ ገዢ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ባለ አንድ ደንበኛ ነጋዴ ዋጋ አይቆርጥም፤ ይቆረጥለታል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ምክንያቱም አሰልቺ ነው። በ1888 ራምቦ ሐረር ላይ የራሱን መደብር ከፈተ። ኤደን ካለው ነጋዴ ከሴዛር ቲያን ጋር እየሠራ ቡና፣ ቆዳና ዝባድ ላከ፤ ጨርቅና ዕቃ አስመጣ። እዚያም ስሕተት አላጣውም። ማስታወሻ ደብተር ወደ ሸዋ ልኮ፣ በምኒልክ ዘንድ የነበረው ስዊሳዊው መሐንዲስ ኢልግ፣ መጻፍ ለማያውቅ ሰው ደብተር ሽጥ ትለኛለህ ወይ እያለ ቀልዶበታል። ነገር ግን የሱቅ ስሕተት ደብተር ያሳድራል እንጂ ሰው አያዋርድም። በ1891 ጉልበቱን ታሞ በቃሬዛ ከሐረር ሲወጣ፣ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ዘግቶ የያዘው ሰነድ 37,450 ፍራንክ ይላል። አንድ ለአንድ ማወዳደር ባይቻልም ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ አረፈ። ያለ ጠመንጃው ጉዞ ያ መደብር ስንት ዓመት ቀደም ብሎ ይከፈት ነበር?

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረው። የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና ያትማል። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ጨረታ አሸነፈና የእናቱን ቤት አስይዞ ወረቀት ገዛ። ሥራውን ጨርሶ አስረከበ፤ ክፍያው ግን «ነገ ተመለስ» ሆነ። ያ ሁሉ የሠርግ ጥሪ ደንበኛ እስከዚያ ጎረቤት ያለውን ማተሚያ ለምዶ ነበር። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የእናትየው ነገር ነው፤ ጨረታው ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይገባቸው ፈርመው ነበር።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ተረቱ አንዱን ነቅለህ ሌላውን ትከል አላለም። ትልቁ ጨረታ ይምጣ፤ ሥልጠናውም፣ ስሙም ይምጣ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ይኼ ነገር ቢበላሽ ነገ ጧት ሱቁ ይከፈታል ወይ? መልሱ «አይከፈትም» ከሆነ፣ ሒሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠመንጃውን ለሌላ ተዉለትና ቡናውን መዝኑ።