የሙያ መጻሕፍት ዋጋና የሰቆጣ መንገድ፦ ከአሞሌ ገበያ እስከ ኢንተርኔት ገበያ

መግቢያ

አንድ መጽሐፍ ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያ ሲታይ ነጋዴን እንጂ መምህርን የሚመለከት አይመስልም። ይሁን እንጂ ለቴክኒክና ለኮምፒዩተር ትምህርት የሚያገለግሉ መጻሕፍትን በተመለከተ የዋጋው ጉዳይ ማን ምን ሊማር ይችላል የሚለውን እስከ መወሰን ይደርሳል። በአዲስ አበባ የሚኖር የኮምፒዩተር መምህር የሚፈልገውን መጽሐፍ ከመጻሕፍት መደብር፣ እዚያ ቢያጣው ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ አገላብጦና ተከራክሮ ሊገዛ ይችላል። ከዋና ከተማው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በሰቆጣ ለሚያስተምረው ባልደረባው ግን እንዲህ ያለው ዕድል እምብዛም ነው። ለእርሱ በአዲስነት የቀረበለት ተስፋ በኢንተርኔት አማካይነት ዋጋ አነጻጽሮ መግዛት ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ተስፋ በታሪክ ሚዛን ለመመዘን ይሞክራል። የሚያቀርበውም ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የመጽሐፍ ዋጋ የመንገዱ፣ የምንዛሪውና የገበያው ወሬ ድምር ነው። ኢንተርኔት ከሦስቱ ወሬውን እጅግ አርክሶታል፤ መንገዱንና ምንዛሪውን ግን አላቀለለም። ስለዚህ ለደጋው ትምህርት ቤት የትኛው መጽሐፍ በገንዘብ መገዛት እንዳለበት፣ የትኛውም ያለ ዋጋ ሊገኝ እንደሚችል ለይቶ ማወቅ ዝቅተኛውን ዋጋ ከማሳደድ ይቀድማል።

1. አሞሌው ያስተማረው

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ከመሆኗ ሌላ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ይወጣና በትግራይ ገበያዎች በኩል ሰቆጣ ይደርስ ነበር፤ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አገሮች ይተላለፋል። አሞሌው ምግብም ገንዘብም ነበር። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስም በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ አገልግሏል።

በአንድ የማርያ ቴሬዛ ብር የሚገዛው የአሞሌ ብዛት ከጨው ሜዳው በተራቀ መጠን እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጭነት ከብቱ መኖ፣ የሰው ጉልበት፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ፣ በዝናብ የሚሟሟውና በመንገድ የሚሰበረው ጨው ሁሉ ተደምሮ በደኅና በደረሰው አሞሌ ላይ ይጫናል። ነጋዴውም ይህን ሸክም የሚያቀልበት ሁለት ዘዴ ነበረው። አንደኛው የሩቁን ገበያ ዋጋ አስቀድሞ ማወቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ብቻውን ከመጓዝ ይልቅ ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ቅፍለት አበጅቶ አብሮ መሄድ ነው። የገበያ ወሬና የጋራ ጉዞ ያልነበረው ሰው ዕቃው ርካሽ ቢሆን እንኳ አያተርፍበትም ነበር። ይህ የአሞሌ ትምህርት ቀጥሎ ለሚነገረው ለመጽሐፍ ጉዳይም ያገለግላል።

2. ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት

በዋግና በላስታ ደጋ መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የብራና ሥራ ነበር። ለአንድ ታላቅ መጽሐፍ ከአንድ መቶ በላይ የፍየል ቆዳ ሊያስፈልግ ይችል ነበር። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ጸሐፊው ቀለሙን በጥብጦ ለወራት ይጽፋል፤ በመጨረሻም ይደጎሳል። መጽሐፍ ያስጻፈ ሰው ብራናውንና የጸሐፊውን ቀለብ የሚችል ባለጸጋ ወይም ደብር ነው። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ መጽሐፉ በስንት እንደ ተገዛ ተመዝግቦ መገኘቱ፣ የመጽሐፍ ግዥ እንደ ርስት ግዥ ለትውልድ የሚታወስ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሆኖም የብራናው ዘመን አንድ ጥቅም ነበረው። መጽሐፉ ውድ ቢሆንም የሚሠራው በአገር ቆዳ፣ በአገር ቀለምና በአገር ጸሐፊ ስለ ነበረ ዋጋው በባዕድ ገንዘብ አይተመንም ነበር። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ በኋላ የአማርኛ መጽሐፍ በብዛት ሊባዛና ዋጋው ሊቀንስ ቻለ። ነገር ግን ማተሚያው መኪናና ቀለም ከውጭ የሚመጣ ሆነ። የምሕንድስና፣ የሒሳብና የሳይንስ ከፍተኛ መጻሕፍት ደግሞ ራሳቸው በውጭ ቋንቋ ተጽፈው በውጭ አገር የታተሙ ነበሩ። በዚህ ሁኔታ የሙያ መጽሐፍ ዋጋ ከአገር ገበያ ወጥቶ በምንዛሪ ገበያ እጅ ውስጥ ገባ።

3. ርካሽ የሙያ መጻሕፍት የነበሩበትና የጠፉበት ዘመን

እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የብሪታንያ መንግሥት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ማኅበር በሚባል ዕቅድ አማካይነት፣ ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የሚሆኑ የኮሌጅ መጻሕፍት በልዩ ኅትመትና በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጡ ይደጉም ነበር። በሌላው ወገን በሞስኮ የሚገኘው ሚር ማተሚያ ቤት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የምሕንድስና መጻሕፍትን ወደ እንግሊዝኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች እያስተረጐመ እጅግ በረከሰ ዋጋ ለዓለም ያሠራጭ ነበር። በአብዮቱ ዘመንም የሶቪየት መጻሕፍት በአዲስ አበባ በጥቂት ብር ይሸጡ እንደ ነበረ ይታወቃል። እነዚህ ሁለት ተቀናቃኝ ዕቅዶች በፖለቲካ ዓላማቸው ቢለያዩም፣ የመጽሐፍ ዋጋ በመንግሥት ፖሊሲ ሊወሰን እንደሚችል በአንድነት አስመስክረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ የብሪታንያውም ዕቅድ በዚያው አሠርት ውስጥ ተቋረጠ። በዚያው ወቅት በአገራችን የምንዛሪ ለውጥ ተደረገ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም የነበረው በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ለምሳሌ ያህል 50 ዶላር የሚያወጣ አንድ መጽሐፍ ከዚያ በፊት 103 ብር ከ50 ሳንቲም ይፈጅ የነበረው በአንድ ጊዜ 250 ብር ሆነ ማለት ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ወደ አገራችን በስፋት ሊገባ በተቃረበበት ሰዓት፣ ርካሽ መጻሕፍት ይመጡባቸው የነበሩት ሁለቱ በሮች ተዘጉ፣ የብሩም የመግዛት ኃይል ቀነሰ። የዛሬው እጥረት ሥሩ በከፊል ከዚህ የጊዜ መገጣጠም ይመዘዛል።

4. የኢንተርኔት ገበያ

የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ አማዞን መጻሕፍትን በኢንተርኔት መሸጥ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ቡክፋይንደር የተባለው የልዩ ልዩ ሻጮችን ዋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ አገልግሎት ተፈጠረ። ለዚህ ንጽጽር መሠረት የሆነው በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1970 የጸደቀው የመጽሐፍ መለያ ቍጥር ነው። ቍጥሩ በመጀመሪያ 10 አኃዞች የነበሩት ሲሆን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ 13 ሆኗል። እያንዳንዱ ኅትመት የራሱ ቍጥር ስላለው፣ ገዥው ቍጥሩን ብቻ በማስገባት ያንኑ መጽሐፍ በተለያዩ አገሮች በስንት እንደሚሸጥ ሊያውቅ ይችላል።

ይህ ንጽጽር አሳታሚዎች ደብቀው ያቆዩትን ነገር አወጣው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ በእስያ በዝቅተኛ፣ በአሜሪካ በከፍተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ሱፓፕ ኪርትሳንግ የተባለ በአሜሪካ ይማር የነበረ የታይላንድ ተወላጅ፣ ዘመዶቹ በታይላንድ በርካሽ የገዙለትን የኮሌጅ መጻሕፍት በአሜሪካ በመሸጡ ዋይሊ በተባለው አሳታሚ ተከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013፣ በውጭ አገር በሕጋዊ መንገድ የተገዛን መጽሐፍ መልሶ መሸጥ እንደሚቻል ፈረደ። ፍርዱ የሲራራ ነጋዴ አሠራር በዘመናችንም እንዳልሞተ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ዋጋን ማወቅና ዋጋን መክፈል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የውጭው መደብር የሚቀበለው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ነው፤ መምህሩ ደመወዙን የሚያገኘው በብር ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎች በውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፍሎላቸው በመንገደኛ ሻንጣ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ግን ከ120 ብር በላይ ደረሰ። ከላይ በምሳሌነት የተጠቀሰው ባለ 50 ዶላር መጽሐፍ ከ2,850 ብር ወደ 6,000 ብርና ከዚያ በላይ አደገ ማለት ነው።

ያገለገለ መጽሐፍ ቢሆንስ? በ6 ዶላር ተገኘ እንበል፤ ማጓጓዣው 30 ዶላር ከሆነ ድምሩ 36 ዶላር ነው፤ ይህም በ120 ብር ሲመነዘር 4,320 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ አድርጎ ሰቆጣ እስኪደርስ ያለው ወጪና ጊዜ ይጨመራል። ርካሹ መጽሐፍ እንደ አሞሌው በየመንገዱ እየከበደ ይመጣል።

ሌላም አደጋ አለ። የኮምፒዩተር መጽሐፍ አንዳንድ ጊዜ የሚረክሰው ጊዜው ያለፈበት ስለ ሆነ ነው። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለተኛ ዝርያ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 አብቅቷል። በዚያ ዝርያ የተጻፈ መጽሐፍ በትንሽ ዋጋ ቢገዛ፣ አንድን ቃል በመስኮት ላይ እንዲጻፍ የሚያደርገው የመጀመሪያው ምሳሌ እንኳ በዛሬው ዝርያ ላይ አይሠራም። በውድ ምንዛሪ ተገዝቶ ሰቆጣ የደረሰው መጽሐፍ ተማሪውን ከመጀመሪያው ገጽ ያሰናክለዋል። በአንጻሩ ከርኒሃንና ሪቺ ስለ ሲ ቋንቋ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1988 በሁለተኛ ዕትም ያወጡት መጽሐፍ ወይም መሠረታዊ የስሌት ዘዴ የሚያስተምሩ መጻሕፍት ከብዙ ዓመታት በኋላም ያገለግላሉ።

5. ኬላ የሌለበት መጽሐፍና አዲሶቹ ኬላዎች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ዋጋን ከርቀት የለየው ትልቁ ለውጥ ደራሲዎቹና አሳታሚዎቹ ፈቅደው ያለ ክፍያ የለቀቋቸው መጻሕፍት መበራከት ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 የትምህርት ጽሑፎቹን ለሁሉም ክፍት እንደሚያደርግ አስታወቀ። በዚያው ተቋም ማተሚያ ቤት የታተመው ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም አወቃቀርና ትርጓሜ የሚያስተምረው ዝነኛ መጽሐፍ፣ እንዲሁም የአለን ዳውኒ የፓይተን መማሪያ በነጻ ይገኛሉ። በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ የተሰኘ ፕሮግራምም ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የሒሳብና የሳይንስ መማሪያዎችን በዚሁ መንገድ ያወጣል። እነዚህን ያለ ፈቃድ ከተባዙ ቅጂዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ያለ ፈቃድ ማባዛትን ይገድባልና።

አሞሌ ሲካፈል ያልቃል፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ግን ሲካፈል ይበዛል። አንድ ጊዜ ሰቆጣ ከደረሰ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ዳህና፣ ወደ ጋዝጊብላ፣ ወደ ሰሃላና ወደ አበርገሌ በአንዲት ትንሽ የማስታወሻ ቋት ተቀድቶ ሊሄድ ይችላል።

ነገር ግን አዲስ ኬላዎች ተተክለዋል። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክና የመገናኛ መስመር ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ በተዛመተ ጊዜ ግንኙነት ተቋርጦ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ሁለተኛው ኬላ ቋንቋ ነው። በቤቱ ኽምጣና የሚናገር የዋግ ኽምራ ልጅ አማርኛን ይማራል፣ የፕሮግራም መጽሐፉን ግን በእንግሊዝኛ እንዲያነብ ይጠበቅበታል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያወጣው የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለዚህ ችግር የተጀመረ መልስ ነው፤ የኮምፒዩተር ሙያ ከዚያ ወዲህ ያፈራቸው ቃላት ግን ብዙ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች አራት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

ሀ. ማንኛውም የመጽሐፍ ግዥ ሲታቀድ የሽፋኑ ዋጋ፣ ማጓጓዣው፣ ምንዛሪውና የአገር ውስጡ መንገድ ተደምረው ይታዩ። ንጽጽሩ በመለያ ቍጥር ይሁን፤ የዕትሙ ዓመትና የሚያስተምረው ዝርያም ከግዥ በፊት ይመርመር።

ለ. የበጀት ገንዘብ በዝግታ ለሚያረጁ መጻሕፍት፣ ማለትም ለሒሳብ፣ ለኤሌክትሪክና ለመሠረታዊ የስሌት ዘዴ ይዋል። በየዓመቱ የሚለዋወጡትን በነጻ ከተለቀቁት መውሰድ ይሻላል።

ሐ. እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለብቻው ከሚገዛ ይልቅ በዞን ደረጃ ተባብሮ ይግዛ። የ30 ዶላር ማጓጓዣ ለአንድ መጽሐፍ ሸክም ነው፤ በአንድ ጭነት የሚመጡ ሃያ መጻሕፍት ግን ወጪውን ይከፋፈሉታል። የቅፍለት ጥቅሙ ይኸው ነበር።

መ. ግንኙነት ባለበት ጊዜ ነጻ መጻሕፍት ተሰብስበው በሰቆጣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጡ፤ መስመር ሲቋረጥ ከዚያ እየተቀዱ ወደ ወረዳዎቹ ይላኩ። እንደ ኪዊክስ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብቡ ፕሮግራሞች ለዚሁ ዓላማ የተዘጋጁ ናቸው። መምህራንም የየምዕራፉን አስቸጋሪ ቃላት በአማርኛና በኽምጣና እየፈቱ አብረው ቢያስቀምጡ፣ ሁለተኛው ኬላ ደረጃ በደረጃ ይነሣል።

የጨው ነጋዴው መንገዱን ማሳጠር አይችልም ነበር፤ በመንገዱ ላይ የሚጠፋውን ግን ሊቀንስ ይችል ነበር። ለሙያ መጽሐፍም ዛሬ የሚቻለው ይኸው ነው። የሚቻለው ሳይሠራ ቢቀር ግን ዋጋውን የሚከፍለው መጽሐፉ ሳይደርሰው ትምህርቱን የሚጨርሰው ተማሪ ይሆናል።