በናፍጣ የሚሠራ የመኪና ማሞቂያ፦ ሲበላሽ ምን እንፈትሻለን? እንዴትስ ይጸዳል?

በብርድ ወራት ማለዳ በኢየሩሳሌም ወይም በጎላን የናፍጣ መኪና አስነስቶ ሥራ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላም ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ገና ቀዝቃዛ ነው። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በሚገባ ስለሚጠቀምበት ለራዲያተሩ ውኃ የሚተርፈው ሙቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ በአውሮፓ በብዙ ቫኖች፣ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ላይ ናፍጣ (ሶለር) በራሱ እያቃጠለ የራዲያተሩን ውኃ የሚያሞቅ ትንሽ ማሞቂያ ይገጠማል።

በእስራኤል ይህ ዕቃ በሁሉም መኪና ላይ አይገኝም። ሆኖም ያገለገለ ቫን የገዛ ወይም በሹፌርነት የሚተዳደር ሰው ሊያጋጥመው ይችላል። ሲበላሽም ሙሳክ ሄዶ «ሙሉውን መቀየር ነው» ሊባል ይችላል። አዲሱ ዕቃ ውድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው አልተሰበረም፤ በጥቀርሻ ተደፍኗል ወይም ባትሪው ደክሟል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ቀላሉን መፈተሽ ይጠቅማል።

ዕቃው ምንድን ነው?

የታወቁት ሁለቱ አምራቾች ኤበርስፔኸርና ቬባስቶ የጀርመን ኩባንያዎች ናቸው። ሁለቱም የተመሠረቱት በኤስሊንገን ከተማ ሲሆን ኤበርስፔኸር እ.ኤ.አ. በ1865፣ ቬባስቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። ለአነስተኛ መኪና የሚሆነው ማሞቂያ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል አለው፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ናፍጣ ይጠጣል። የአውቶቡስ ማሞቂያ 30 ኪሎ ዋትና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሞቂያው ሲበራ በመጀመሪያ አየር የሚያስገባው ቬንትሌተር ይዞራል፤ ካንዴሌታው ይግላል። ከዚያ ትንሿ የነዳጅ ፓምፕ «ጠቅ፣ ጠቅ» እያለች ናፍጣ በጥቂት በጥቂቱ ትልካለች። ናፍጣው በማቃጠያው ውስጥ ባለው ወንፊት ላይ ተንኖ ይቀጣጠላል። እሳቱ መያዙን የሚያይ ጠቋሚ አለ። የራዲያተሩ ውኃ በእሳቱ ዙሪያ ባለው የብረት ቤት ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀት ተቀብሎም ወደ ሞተሩና ወደ መኪናው ውስጥ ይሄዳል። ማሞቂያው ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ወዲያው አይቆምም፤ ውስጡን ለማቀዝቀዝ ጥቂት ደቂቃ ይዞራል። ይህ ብልሽት አይደለም። በዚያን ጊዜ ባትሪውን መንቀል ግን ዕቃውን ይጎዳል።

መጀመሪያ የሚፈተሹ ነገሮች

1. የአየሩ ሁኔታ። በአንዳንድ ቫኖች ላይ ከፋብሪካ የተገጠመው ማሞቂያ የሚሠራው ሞተሩ ተነሥቶ የውጭው ሙቀት ከ5 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው። በሐምሌ አይነሣም ብሎ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

2. ባትሪ። ካንዴሌታው ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ኃይሉ ወደ 10.5 ቮልት ገደማ ሲወርድ ማሞቂያው ራሱን ይዘጋል። ፊውዞቹንም ይመልከቱ።

3. ነዳጅ። በብዙ መኪናዎች የማሞቂያው ቱቦ የነዳጁን ታንክ መጨረሻ አይነካም። ነዳጁ ወደ መጠባበቂያው ሲወርድ መኪናው ይሄዳል፣ ማሞቂያው ግን አይነሣም።

4. የፓምፑ ድምፅ። «ጠቅ ጠቅ» የሚለው ከተሰማ ፓምፑ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው። ካልተሰማ ሽቦውን ወይም ፓምፑን ያስፈትሹ።

5. ጭስ። ነጭ ወፍራም ጭስና የናፍጣ ሽታ ካለ ነዳጁ እየገባ ነው፣ ግን አልተቀጣጠለም፤ ካንዴሌታው ደክሞ ወይም ወንፊቱ ተደፍኖ ይሆናል። ጥቁር ጭስ ካለ አየር አንሶታል ወይም ነዳጅ በዝቶበታል።

6. የአየርና የጭስ ቱቦዎች። ጭቃ፣ ቅጠል ወይም የተርብ ቤት ሊደፍናቸው ይችላል።

7. የራዲያተር ውኃ። ውኃው ከጎደለ ወይም አየር ከገባበት ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ይቆልፋል።

ማሞቂያው ካልተነሣ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። እርስዎ ግን ደጋግመው አያስነሡት። ያልተቃጠለ ናፍጣ በውስጡ ስለሚጠራቀም በኋላ ሲቀጣጠል እሳቱ ከመጠን በላይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከከሸፈ ዕቃው ራሱን ይቆልፋል፤ የሚከፈተውም በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው መንገድ ወይም በሙሳክ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ የሚያወጣውን የብልሽት ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ ከየትኛው ክፍል መጀመር እንዳለበት ያሳያል።

አጸዳዱ

ይህ ሥራ የመካኒክ እጅ ላለው ሰው ነው። ልምድ የሌለው ሰው ወደ ሙሳክ ይውሰደው፤ ነገር ግን ምን እንደሚሠራለት አውቆ ይጠይቅ።

ሞተሩና ማሞቂያው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዙ። የጋለ የራዲያተር ውኃ ክፉኛ ያቃጥላል። የባትሪውን ነጋቲቭ ይንቀሉ። የውኃውን ጎማዎች በመቆንጠጫ ይያዙ፣ የነዳጁን ቱቦ ነቅለው ይድፈኑ፣ ከዚያ ማሞቂያውን ያውርዱ። አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችና እንስሳት እንዳይደርሱበት ወዲያው በዕቃ ይሰብስቡት።

ማቃጠያው ከብረት ቤቱ ሲለይ ውስጡ እንደ አሮጌ ምጣድ ታች ጠቁሮ ይገኛል። ጥቀርሻውን በእንጨት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ፈቅፍቀው በቫኪዩም ይምጠጡት። አፍዎንና አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ። ካንዴሌታው ከሴራሚክ የተሠራ ከሆነ በቀላሉ ይሰበራል፤ በብረት አይንኩት። ወንፊቱ ተቃጥሎ ወይም ደርቆ ከተሰነጠቀ ማጽዳት አያድነውም፣ ይቀየራል። የብረት ቤቱ ከተሰነጠቀም እንዲሁ። የተነሡትን ጓርኒሲዮኖች መልሶ መጠቀም አይገባም፤ አዲስ ይግዙ። በቤንዚን ማጠብና የሞተር ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት እሳት ያስነሣል፤ ፈጽሞ አያድርጉት።

ተመልሶ ሲገጠም ውኃው ይሞላል፣ አየሩም እንዲወጣ ይደረጋል። ከዚያ ከቤት ውጭ ይነሣና ነዳጅ፣ ውኃ ወይም ጭስ የሚያፈስ ቦታ እንደሌለ ይታያል። መጀመሪያ ጥቂት ጭስ ቢወጣ አያስደንቅም፤ እሳቱ ሲረጋ ግን መጥፋት አለበት።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ

ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድዶ መተኛት ሰው እንደሚገድል ከአገር ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ይህም ማሞቂያ ያንኑ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ሊያወጣ ይችላል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ማሞቂያውን በተዘጋ ጋራዥ ወይም ከመሬት በታች ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አያስነሡት። የጭሱ ቱቦ ከተቀደደ፣ ሰው በመኪናው ውስጥ የሚተኛ ከሆነ በተለይ፣ እስኪጠገን ድረስ አይጠቀሙበት። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፣ ወደ 101 ማጌን ዳቪድ አዶም ይደውሉ። ነዳጅ ሲሞሉም ማሞቂያው ይጥፋ፤ ውስጡ እሳት አለና።

እንዳይበላሽ

ዕቃውን ከሥራ ብዛት ይልቅ የሚጎዳው ሥራ መፍታትና ለሁለት ለሦስት ደቂቃ አብርቶ ማጥፋት ነው። እሳቱ በደንብ ሳይግል ሲጠፋ ጥቀርሻ ይተዋል። ለብቻው የሚበራ ማሞቂያ ከሆነ በበጋም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ያስነሡት። መኪናው ቆሞ ማሞቂያው በሠራበት ልክ ቢያንስ ያንን ያህል ጊዜ ይንዱ፤ ባትሪው ይሞላል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቱቦዎቹን ማየትና አንድ ጊዜ ማስነሣት በጨለማ ማለዳ ከመቸገር ያድናል።