የመስከረም ፀሐይና የተዘጋው በር

ስለ ጎንደር ታሪክ ጻፉ ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ? ብዙዎቻችሁ ከአፄ ፋሲል ግንብ እንደምትጀምሩ እገምታለሁ። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ የጻፍኳት የመጀመሪያ የታሪክ ወረቀት የምትጀምረው ከዚያው ነበር። ከተማዋ በ1628 ገደማ ተቆረቆረች፤ ነገሥታቱ በየተራቸው ነገሡ፣ ግንብ ሠሩ፣ ተዋጉ፣ ሞቱ። መምህሬ ጥሩ ውጤት ሰጡኝ። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን አንድም ሕፃን አላለቀሰም፤ አንዲትም እናት እሳት አልጫረችም።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ያን ጊዜ ያልጻፍኩትን ነው። ክረምቱ ወጥቶ አበባው ሲፈነዳ፣ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥ ምን ይሆን ነበር? ቦታው ኮሶዬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወጡ ታገኙታላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ነው። ከገደሉ አፋፍ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ቆላው እንደ ባሕር ተዘርግቶ ይታያል፤ የሚታየው ግን ጉሙ ሲፈቅድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ አይፈቅድም።

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ ስም እንነጋገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አበባ ስናይ «ጸደይ ገባ» እንላለን። በአገራችን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። የአበባው ወቅት መፀው ይባላል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። እንግዲህ እንቁጣጣሽ ራሱ ገና በክረምቱ ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው! የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብለው፣ ማርያም ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ጊዜ ያስቡበታል። እኛም ታሪኩን በማቴዎስ 2 ላይ እናነበዋለን። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ አገር የአበባ ወቅትና ትንሽ ልጅ የያዘች፣ ልጇ እንዳይሞትባት የምትሸሽ እናት ለዘመናት አብረው ታስበዋል። ያ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። በደጋው ቤት አበባው የሚመጣው ከስጋት ጋር ነበርና።

ስጋቱ አንደኛ የምግብ ነው። መስከረም ላይ አገሩ ሁሉ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ ጎተራው ግን ባዶ ነው። ያምናው እህል በክረምቱ አልቋል፤ የዘንድሮው ገብስ ገና በማሳው ላይ ነው። የባቄላው እሸት እስኪደርስ፣ ገብሱም እስኪታጨድ ድረስ እናት በቀረው ዱቄት አጥሚት እያቀጠነች ልጆቿን ታቆያለች። ከፍ ከፍ ያሉት ልጆች ወንጭፍ ይዘው ወፍ ሊጠብቁ ማሳ ይውላሉ፤ እግረ መንገዳቸውን እሸት ይቀጥፋሉ። በቤት የሚቀረው ገና መሄድ ያልጀመረው ነው። ለእርሱ ያለው ላም ናት። ሣሩ ስለሞላ በመስከረም ወተት ይኖራል፤ ላም ያለው ቤት ልጅ መስከረምን ይሻገራል።

ላሟ ከሌለችስ? በ1880 ምጽዋ ላይ የገባው የከብት በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰው። እስከ 1884 የዘለቀውን ያንን ጊዜ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ይሉታል። የጎንደር ሰው መከራውን የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ በዚያው በ1880 በጥር ወር ደርቡሾች ከተማዋን አቃጥለዋት ነበር። መጻሕፍቱ ስለ በሬው ይናገራሉ፤ በሬ ስለሞተ አልታረሰም፣ ስላልታረሰ ረኃብ ሆነ ይላሉ። ትክክል ነው። ግን ከበሬው ጋር ላሟም እንደሞተች፣ ላሟ ስትሞት መጀመሪያ የሚጎዳው ገና ጥርስ ያላበቀለው እንደሆነ የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ስለ ድንችም አንድ ነገር ልበላችሁ። ዛሬ ያለ ድንች ደጋውን ማሰብ ያስቸግራል። ወደ አገራችን ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል፤ ጊዜውም በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬው ግን ወዲያው አልተቀበለውም፤ የተስፋፋው ከክፉ ቀን ወዲህ ነው ይባላል። ምክንያቱ ለእናቶች ግልጽ ነበር፤ ድንቹ ከገብሱ ቀድሞ ይደርሳል። ጎተራው ባዶ በሆነበት በዚያ ክፍተት፣ አመድ ውስጥ የተጠበሰች አንዲት ድንች ለልጅ ራት ትሆናለች። የፋሲል ግንብ ስንት ልጅ እንዳሳደገ አላውቅም፤ ድንች ግን ብዙ አሳድጓል።

ሁለተኛው ስጋት በሽታ ነው። እዚህ ላይ ወደ በሩ እንመጣለን።

የደጋውን የድሮ ጎጆ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር፤ መስኮት የለውም። መሐሉ ላይ ምድጃ አለ፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ለውስጥ ይወጣል። ማታ ከብቱም በዚያው ሲያድር ቤቱ ይሞቃል። ብርዱን ለማያውቅ ሰው ይህ ኋላ ቀርነት ሊመስለው ይችላል፤ ኮሶዬ ላይ አንድ የነሐሴ ሌሊት ላደረ ግን ጥበብ ነው። ሕፃኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ በመደቡ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ልጅን መጠቅለል የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ከሉቃስ 2 ታስታውሳላችሁ። ችግሩ ክረምቱ ካለፈ በኋላም በሩ አለመከፈቱ ነው። አንደኛ ብርድ፤ ሁለተኛ የሰው ዓይን፤ ሦስተኛ ምች። ፀሐይ ያገኘው ልጅ ምች ይመታዋል፤ ከተመታም ዳማከሴ ተፈልጎ፣ ተጨምቆ ይሰጠዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አለማውጣት ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ይህ የድሀ ቤት ነገር ብቻ አልነበረም። በየካቲት 1762፣ በፈረንጆች 1770 ማለት ነው፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከምጽዋ ተነሥቶ በሊማሊሞ አቀበትና በወገራ ደጋ አድርጎ ጎንደር ገባ። ሲደርስ ከተማው ፈንጣጣ ገብቶበታል። በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ የቤተሰቡ ልጆች ታመዋል። ብሩስ በአገሩ የነበረውን አያያዝ ጽፎታል፤ ታማሚው ትንሽ አየር እንኳ እንዳይነካው በሩ ይዘጋል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ እሳት ይነዳል፣ ልብስ ይደራረባል፣ ትኩስ መጠጥ ይሰጣል፤ በዚያ ላይ ሻማው ሌት ተቀን ይበራል። እርሱ ያደረገው በሩንና መስኮቱን መክፈት ነበር። ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ዳነ። ሁሉም አልዳኑም። ብሩስ ራሱን ማሞገስ የሚወድ ሰው ነው፤ ስለዚህ ስለ ፈውሱ የሚለውን በጥንቃቄ ነው የማነበው። ስለተዘጋው በር የሚለውን ግን አምነዋለሁ፤ እኔም አይቼዋለሁና።

የአገራችን ሰው በፈንጣጣው ፊት ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ይህም ይታወቅ። ከታማሚ ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ መክተት፣ ዘመናዊው ክትባት ከመምጣቱ በፊት በእኛ አገር ይሠራበት ነበር። አደገኛ ነው፤ ግን ብልሃት ነው። ፈንጣጣው በመጨረሻ የጠፋው በ1963 በተጀመረው ዘመቻ ነው። ከታቾቹ የሰሜንን ተራራ በእግራቸው ወጥተው ወርደዋል። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968፣ በኦጋዴን ነው። ያ በሽታ ሲያልቅ እናቶች ከአንድ ፍርሃት ዐረፉ። በሩ ግን እንደተዘጋ ቆየ።

በ1947 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እርሱ ነው። ከዚያ የሚወጡት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይሄዱ ነበር። እኔ ከእነዚህ መካከል አብልጬ የማከብረው ነርሶቹን ነው። ጤና መኮንኑ ታማሚ እስኪመጣለት መጠበቅ ይችላል፤ ነርሷ ግን ጎጆው ድረስ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ በዝቅተኛው በር ገብታ፣ በጭሱ ውስጥ ከአማት ጋር መከራከር አለባት። በቤት ውስጥ ታሪክ የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ አዋጅ የለውም፣ ቀን የለውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው ይህንኑ ክርክር ቀጥለውበታል።

ክርክሩ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደሆነ አንድ ጥናት ላሳያችሁ። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት፤ የተሠራው በአዲስ አበባ፣ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነው። የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ከታመሙት 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሪኬትስ ማለት ፀሐይ ያጣ ልጅ አጥንቱ ሲልፈሰፈስ ነው። ፀሐይ ቆዳ ላይ ካላረፈ ሰውነት ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ አጥንቱም አይጠነክርም። በመስኮት መስታወት የሚገባ ብርሃንም አይረዳም፤ ይህን በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩት ነው የምነግራችሁ። የጎድን አጥንቱ የላላ ልጅ ደግሞ ሲያስለውና ሲታፈን መቋቋም ያቅተዋል። አሁን ቃሉን ልብ በሉ፤ ምች። እናት ልጇን ከፀሐይ ምች ስታሸሽ በሳንባ ምች እጅ ላይ ትጥለው ነበር ማለት ነው። ከፍቅር የተነሣ ነው እንዲህ የሆነው፤ ይኼ ነው የሚያመኝ።

የሚያመኝ ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የበኩር ልጃችንን ክረምቱን በሙሉ ኮሶዬ፣ እናቴ ዘንድ አቆየነው። ባለቤቴና እኔ ሥራ ላይ ነበርን፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አየው ነበር። ወፍሯል፣ ይስቃል፤ 14 ወር ሆኖት ግን አይቆምም። «ዘገምተኛ ነው፣ አንተም እንዲሁ ነበርክ» ትለኛለች እናቴ። እኔም ሳቅሁ። ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሌላ ጉዳይ መጣች። ልጁን አንሥታ የእጁን አንጓ ዳሰሰችው፤ ወፈር ብሏል። ከዚያ ዞር ብላ፦

«እማማ፣ ይኼ ልጅ ፀሐይ ያያል እንዴ?» አለቻት።

«ምች ይመታብኛል ብዬ ነዋ፣ የኔ ልጅ። ብርዱስ ቢሆን?»

«ጠዋት ጠዋት እኮ ነው እማማ፤ ራቁቱን፣ ቅባት ሳይቀባ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል። አሁን ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ።»

እናቴ ወደ እኔ ተመለከተች። የተማርኩት እኔ ነኛ! የብሩስን መጽሐፍ ያነበብኩት፣ ስለ ቁስቋሙ የተዘጋ በር ለተማሪዎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በየቅዳሜው በዚያ ዝቅተኛ በር ጎንበስ ብዬ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ክፍሉ መጨለሙን አላስተዋልኩም። ለእናቴ የምመልስላት አልነበረኝም።

ልጁ መድኃኒቱን ወሰደ፤ ፀሐዩንም አገኘ። ዛሬ ኳስ ያባርራል።

በዚህ መስከረም አያቶቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ጠይቋቸው። ከጠላውና ከዳቦው በፊት ቢሆን ይሻላል። በልጅነታቸው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ምን ይበሉ ነበር? ላሟ ስታልብና ሳታልብ ልዩነቱ ምን ነበር? ልጅ ስንት ወር ሲሆነው ከቤት ይወጣ ነበር? ፈንጣጣን ያየ አለ? ወልቅፊት ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ነው፤ መጻሕፍቱ ይህን ይነግሯችኋል። በዚያ መስከረም መንገድ ዳር ባሉት ቤቶች ልጆች ምን እንደበሉ የሚያውቁት ግን የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። የጌታችን የናዝሬት ልጅነትስ ቢሆን በአራቱ ወንጌላት ውስጥ ስንት ገጽ አገኘ? ጻፉት፤ ስምና ቀን ባይኖረውም ጻፉት።

ባለፈው መስከረም ሁለተኛዋን ልጃችንን ይዘን ኮሶዬ አደርን። ጠዋት ብነሣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ደጁ ላይ አጎዛ አንጥፋ፣ ሕፃኗን ራቁቷን አስተኝታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታታለች። ራስዋን በነጠላዋ ጫፍ ከልላላታለች፤ ምቹን ጨርሳ አልረሳችውም። ከገደሉ አፋፍ ጭላዳዎቹ ከታች ወጥተው፣ ግልገሎቻቸውን እንዳዘሉ ተቀምጠው ይሞቃሉ።

«እነሱንስ ማን አስተማራቸው?» አለችኝ ወደዚያ እያየች።

ወዲያው ጉሙ ከቆላው መነሣት ጀመረ። ልጅቷን ከነአጎዛው አቅፋ ገባች።