ደም ያልፈሰሰበት ቁስል፤ የደረት ምትና የልብ ጉዳት በሕክምና ታሪክ

ጦር ወይም ጥይት ደረትን በስቶ ልብ ሲደርስ ቁስሉ ራሱ ምስክር ነው። የፈረስ ርግጫ፣ የመኪና መሪ ወይም የተወረወረ ኳስ ደረትን መትቶ፣ ቆዳው ሳይቀደድ ልብ ሲጎዳ ግን ምስክሩ ይሰወራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሊቃውንት ይህን የተሰወረ ምስክር ለማናገር ያደረጉትን ጥረት፣ ይልቁንም አንድ ጊዜ የተገኘ እውቀት እንዴት እንደተዘነጋ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጉዳቱ በሁለት ይከፈላል። በመጀመሪያው የልብ ጡንቻ ይቀጠቀጣል፣ ይቀደዳል፣ ወይም የደም መዝጊያዎቹ ይበጠሳሉ፤ ይህንን አስከሬን በመመርመር ማየት ይቻላል። እንግሊዛዊው ሐኪምና ባለቅኔ ማርክ ኤከንሳይድ ደረቱን ተመትቶ ለወራት ከማቀቀ በኋላ ስለሞተ አንድ ልጅ የጻፈው ዘገባ በ1764 በለንደን የሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ታትሟል። በ1935 ብራይትና ክሎድ ቤክ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እስከ ዘመናቸው የተጻፈውን ሰብስበው በሙከራ አጠናከሩት። በ1958 ደግሞ ፓርምሊና ባልደረቦቹ 546 የአስከሬን ምርመራዎችን ባጠኑበት ሥራቸው ከሁሉ በዝቶ የተገኘው የልብ መቀደድ መሆኑን አሳዩ።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ሐኪሞች በላቲን «ኮሞሺዮ ኮርዲስ»፣ ማለትም የልብ መናወጥ፣ በሚሉት በዚህ ጉዳት ሰውየው ተመትቶ በቅጽበት ይወድቃል፤ አስከሬኑ ሲከፈት ግን ልቡ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ጣሊያናዊው ሜኦላ በ1879 በጥንቸሎች ላይ ባደረገው ሙከራ ምክንያቱን ከቫገስ ነርቭ ጋር አያያዘው። በ1930ዎቹ ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽሎምካ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ እየመዘገበ በእንስሳት ላይ ባካሄደው ሰፊ ጥናት፣ ምቱ የልብን ምት እንደሚያዛባ፣ ውጤቱም በተመታው ቦታ፣ በመቺው ዕቃና በምቱ ኃይል እንደሚወሰን አረጋገጠ። ታላቁ ጽሑፉ በ1934 ታተመ።

ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል ይህን ሥራ ያስታወሰው ጥቂት ነው። በእኛ ግምት ዐቢዩ ምክንያት የእውቀቱ ደካማነት ሳይሆን የተጻፈበት ቋንቋ ዕጣ ነው። ጦርነቱ መጣ፤ የሳይንስ መናገሻም ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ ተዛወረ። በ1995 ባሪ ማሮንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በስፖርት ላይ ሳሉ በደረት ምት የወደቁ 25 ልጆችንና ወጣቶችን ታሪክ አሳተሙ። በ1998 ማርክ ሊንክና ባልደረቦቹ በአሳሞች ላይ ባደረጉት ሙከራ ምስጢሩን ገለጡ። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚበር፣ የቤዝቦል ኳስ የሚያህል ዕቃ፣ ልብ ለሚቀጥለው ምት በሚዘጋጅበት የ15 ሚሊሰከንድ ቅጽበት ውስጥ ሲያርፍ፣ ከ10 ምቶች 9ኙ ልብን ደም መርጨት ወደማይችል ከንቱ መንቀጥቀጥ ይለውጡታል።

ይህ እውቀት መዘግየቱ ዋጋ አስከፍሏል። በአሜሪካ እንዲህ ካለ ሞት የተነሣ በነፍስ ግድያ የተከሰሱ ሰዎች ነበሩ፤ መካከለኛ ምት ሊገድል መቻሉን ያላወቀ ዳኛ ከሞቱ ተነሥቶ የመቺውን ጭካኔ ቢገምት አያስገርምም። ፈውሱ በአንጻሩ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ያው ክሎድ ቤክ በ1947 በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ የ14 ዓመት ልጅን የሚንቀጠቀጥ ልብ በኤሌክትሪክ ንዝረት አዳነ፤ በ1956 ዞል ደረት ሳይከፈት ይህን ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1960 ደግሞ ደረትን በእጅ እየተጫኑ ደም የማዘዋወር ዘዴ ከባልቲሞር ተሰማ። በጥር 2023 በሲንሲናቲ ሜዳ ደረቱን ተመትቶ የወደቀው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ዳማር ሃምሊን ድኖ በዚያው ዓመት ለጨዋታ የተመለሰው በእነዚህ ዘዴዎች ነው።

የሽሎምካ ታሪክ በተለይ እኛን በስደት ያለን ምሁራንን ሊያሳስበን ይገባል። የምንጽፈው በአብዛኛው በአስተናጋጆቻችን ቋንቋ ነው። በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ በሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ልጇ ኳስ ደረቱን መትቶት ቢወድቅ፣ እናቱ «ውሃ አፍስሱበት» ከማለት ይልቅ ደረቱን ያለማቋረጥ መጫንና የልብ ማስነሻውን መሣሪያ ማስመጣት እንደሚገባት በምትሰማው ቋንቋ የነገራት ማን ነው? እውቀት አንድ ጊዜ ስለተገኘ ብቻ የሁሉ ሀብት አይሆንም። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም ሥራ ከምርምሩ የሚያንስ ሥራ አይደለም።